የአረንጓዴ ወንበር

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ ዛሬም ያስቸግርሻል? አባዬስ መነጽሩን አስጠገነ ወይስ አሁንም በክር አስሮ ነው የሚያነበው? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደኅና አይደለሁም።

የላክሁልሽን የወፍና የአበባ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ፣ ልጄ የሠራችው ነው እያልሽ ለጎረቤት እንደምታሳዪ ጽፈሽልኛል። እኔ የሠራሁት ቅጠሉን ብቻ ነው። ወረቀቱ ከማተሚያው ጥቁር መስመር ብቻ ይዞ ይወጣል፤ እኛ ረጅም ጠረጴዛ ከበን እየተቀባበልን አንዷ ቀዩን፣ አንዷ ቢጫውን፣ እኔ አረንጓዴውን እንቀባለን። የምንጠራራውም በቀለማችን ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር አይደል፤ እኔ አረንጓዴ ወጣሁልሽ።

የላባውና የቅጠሉ መስመር ቀጭን ስለሆነ ብሩሹን በከንፈራችን እያሾልን ነው የምንቀባው። አረንጓዴው መርዝ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። ሥራውን ያስተማረችኝ ከእኔ በፊት የነበረችው አረንጓዴ ናት። ድዷ እየደማ እንኳ ትቀልድ ነበር፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። አንድ ሰኞ ሳትመጣ ቀረች፤ ወንበሯንም ስሟንም እኔ ወረስኩ።

አሁን የእኔም ድድ ይደማል፣ ጣቶቼም ይደነዝዛሉ። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ብሩሹ ከጣቶቼ ሲወድቅ አይቶ ቀስ ብሎ፣ "እህት አለችሽ አይደል? ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ጻፊላት" አለኝ። በዚያው ሳምንት ያንቺ ደብዳቤ ደረሰ፤ ትንሿ እህቴ ሻንጣዋን አዘጋጅታለች፣ ቶሎ ጥሪያት ትያለሽ። የተማከራችሁ ነው የመሰለኝ። ተቀይሜሻለሁ እማዬ፣ አልደብቅሽም። ስለ ድዴ ደጋግሜ ስጽፍልሽ አንድም ቀን እንዴት ሆነልሽ አላልሽኝም።

አለቃው ጻፊ ስላለኝ ይኸው ጻፍኩ፤ እንዳትመጣ። ሻንጣውን ፍቺው። እኔም ወንበሩን ለቅቄ እመለሳለሁ። ስመጣ ግን ለጎረቤት የምታሳዪኝ ዓይነት አልሆንም፤ ከአሁኑ ልመጂው።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ። አክስቴ የሠራችልኝ ሹራብ አሁን እንደሚሰፋኝ ንገሪያት። ለትንሿ ገና ቀለም ያልነካው አንድ ወፍ ከዚህ ጋር ልኬላታለሁ። ደስ ባላት ቀለም ትቀባው፣ ከመስመር ብትወጣም ግድ የለም። ብሩሹን ብቻ አፏ ውስጥ እንዳታስገባ።

ልጅሽ
ከማተሚያ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል