ገለባ የተሞላው ጥጃ

ይኸነው፣
ዳንግላ ሄጃለሁ። ቁልፉ መስኮቱ ላይ ነው። ሽሮ ሠርቼልሃለሁ፤ ማሞቅ እንኳ አያቅትህም ብዬ ነው።

ላሟ ዛሬ እሺ ብላ አትታለብልህም። የሞተ ጥጃዋን ቆዳ ገለባ ሞልተህ ያቆምክላትን፣ ጠዋት ከልጅህ ጋር ሆነን ጓሮ ቀርከሃው ሥር ቀበርነው።

ትናንት ፍቅርአዲስ ላሟ ያን ቆዳ ስትልስ አየችና፣ «አክስቴ፣ ጥጃዋ እንደሞተ አታውቅም እንዴ?» አለችኝ።
አታውቅም፣ አባትሽ እያታለላት ነው አልኳት።
ዞር ብላ አየችኝና፣ «እማዬስ እውነት ጠበል ናት?» አለች።

እህቴን በእጅህ አፈር አልብሰህ መጥተህ፣ ለልጇ «ጠበል ሄዳለች» ያልክ ጀግና! ባጃጅ በቆመ ቁጥር እናቷ የመጣች መስሏት በር ድረስ ስትሮጥ፣ ቁጭ ብለህ ታያታለህ። ላሟስ ለወተቷ ተታለለች። ልጅህን የምታታልላት ምን ልታልባት ነው? ወንድ ነኝ ትላለህ ደግሞ።

ሳላማክርህ ነገርኳት። ለእሱ ብቻ ይቅር በለኝ።

ፍቅርአዲስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀጥታ ወደ በረት ነው የምትሄደው፤ እንዳትከለክላት።
«ለላሟ እኔ እነግራታለሁ፤ አባዬ እንደሁ መንገር አይችልም» ብላኛለች።

ማናለብሽ