መወጣጫው ላይ ጋደም ላሉት ክቡር ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ሙሚን፣
በካርቲየ 4 ሰፈር የ«ሁሉም ይጫወት» መጫወቻ ሜዳ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት (ይኸውም መወጣጫው ላይ፣ ከላይ ሁለተኛው ፍራሽ)

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ አለይኩም። በዚህ ሙቀት ጤናዎ እንዴት ከርሟል? የግራ ክርንዎስ? ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ሙሉ ሰውነትዎን ተሸክሞ የሚውል አካል ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እርሱ መጠየቅ ተገቢ መስሎኛል። እኔና ቤተሰቤ፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነን። ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግሬ መጥቼ እዚሁ ሰፈር ጨርቅ የምነግደው ኢማን ነኝ፤ የዘጠኝ ዓመቷ የሀያ እናት። ሀያ በዊልቸር የምትሄድ ልጅ መሆኗን ማስታወስ አያስፈልገኝም፤ ሜዳው ሲመረቅ እጅዎን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው ፎቶ የተነሱት ከእርሷ ጋር ነውና። ፎቶው በጣም አምሮብዎታል።

ሜዳውን የሰፈሩ ሰው በጉልበቱ እንደሠራው አይዘነጉትም። ሾፌሮቻችን ያረጁ ጎማዎች አመጡ፣ ወደብ የሚሠሩት ልጆቻችን በእረፍት ቀናቸው ብረቱን በየዱ። ጎርፍ እንዳይገባበት አፈር ተሞልቶ ከፍ ተደረገ፤ ከፍ በማለቱም ዐሥራ አንድ ደረጃና ከደረጃው ጎን ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫ ተሠራለት። በምረቃው ዕለት ከእንግዲህ ማንም ልጅ ከታች ሆኖ አያይም ብለው ሲናገሩ ካለቀሱት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። ለዚያ ንግግር ዛሬም አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለተፈጸመው ደግሞ ምስጋናዬን በቁጥር ባቀርብ ይሻላል።

፩ኛ. ስለ መወጣጫው። የብረቱ መደገፊያ በፀሐይ ግሎ የልጆቹን እጅ እንዳያቃጥል ብለው ከላይ ጥላ አሠሩለት። አቀበቱም ዊልቸር የምትገፋ እናት እንዳይደክማት ተብሎ በጥንቃቄ ተለክቶ ለዘብ ተደረገ። ታዲያ ሜዳው በተመረቀ በሳምንቱ ይሁን በማግስቱ እንጃ፣ ያ የተለካ አቀበት በግራ ክንድ ተደግፎ ጫት ለመቃም ከተፈጠረው አቀማመጥ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። በከተማው ውስጥ ጥላ ያለው፣ ከባሕሩ ነፋስ የሚያገኝ፣ ትራስ እንኳ ባይኖር ራሱ ትራስ የሚሆን ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ በየቀኑ ከሰባት ሰዓት እስከ መግሪብ ዘጠኝ የተከበሩ አባወራዎች፣ ዘጠኝ ፍራሽና አራት ፔርሙዝ መወጣጫውን ይዘውት ይውላሉ። የሜዳው የሥራ ሰዓት ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መግሪብ መሆኑን ኮሚቴው በማኅተም አጽድቋል፤ የአጋጣሚው ነገር ይገርማል። ከትራሶቹ ሦስቱ ከእኔ ሱቅ በወጣ ጨርቅ የተሰፉ መሆናቸውን በኩራት ልብ ብያለሁ።

፪ኛ. ስለ ዥዋዥዌው። ዊልቸሩን እንዳለ ተሸክሞ የሚወዛወዘው ዥዋዥዌ እንዳይበላሽ ተቆልፎበት ቁልፉ በእርስዎ ኪስ እንዲቀመጥ መወሰኑ አስተዋይነት ነው። እስካሁን አንድም ልጅ ስላልተቀመጠበት እንደ አዲስ ያበራል።

፫ኛ. ስለ ደወሎቹ። ማየት የማትችለው የጎረቤቴ ልጅ ሳብሪን በድምፃቸው እየተመራች የምትጫወትባቸው የብረት ደወሎች፣ የአባወራዎቹን ጨዋታ ስለሚረብሹ በጨርቅ ተጠቅልለው አይቻለሁ። ጨርቁ የእኔ አይደለም፤ የእኔ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ እንዲህ ቶሎ አይለቅም ነበር።

አሁን ባለፈው ሐሙስ ስለሆነው ልንገርዎ። ከዐስር ሶላት በኋላ ሀያ ብቻዋን እሄዳለሁ ብላኝ እሺ አልኳት፤ ከሱቄ በር ሜዳው ይታያል። መወጣጫው ሥር ደርሳ ቆመች። ከእናንተ አንዱ፣ ከወደብ መኪና የሚያስተላልፉት አቶ ጀንበሬ፣ ልነሳልሽ ወይ ብለው በደግነት ጠየቋት፤ ልጄ ግን ትልቅ ሰው ለልጅ አይነሳም ተብላ ያደገች ናትና ግድ የለም ይረፉ አለቻቸው። እርሳቸውም ዐረፉ። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቀች። ወደ ቤት ስትመለስ ዥዋዥዌው ያን ያህል ደስ አይልም አለችኝ፤ አንድም ቀን ያልተቀመጠችበትን ማለቷ ነው። እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል፣ ክቡር ሆይ። የልጄ መከፋት አልቆጨኝም፣ ልጅ ይከፋዋል ይረሳዋል፤ አለመፈለግን መማሯ ግን አንጀቴን በልቶታል።

የጫቱ በርጫ ይቅር የምል ጨካኝ አይደለሁም፤ ባሌም ከዘጠኙ አንዱ ነው፣ ከታች አራተኛው። ከሜዳው ውጭ በሰሜን በኩል ያለው ግንብ ከቀትር በኋላ ጥላ ይጥላል። እኔና የሰፈሩ ሴቶች ለክርንዎ የሚመች ወፍራም ትራስ ሰፍተን እዚያ እናነጥፍልዎታለን፤ ጨርቁ ከእኔ፣ ጥጡ ከእነርሱ። የዥዋዥዌው ቁልፍ በሜዳው በር ላይ ይንጠልጠል። ደወሎቹን ሳብሪን ራሷ ትፈታቸዋለች።

በመጪው ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ሀያ፣ ሳብሪንና ወደብ ላይ እግራቸውን ተጎድተው በክራንች የሚሄዱት አቶ ባንቲሁን ይመጣሉ፤ ከከተማው ዳር ከባልባላ ሰፈርም በሚኒባስ የሚመጡ አራት ልጆች አሉ። መወጣጫው እንደተያዘ ከሆነ ማንንም አናስነሳም። በየፍራሾቹ መካከል ገብተን እስከ መግሪብ አብረናችሁ እንቀመጣለን፤ ልጆቹ ብዙ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ዘፈንም ይወዳሉ። ምርቃናችሁ እንዲሰምር እጸልያለሁ።

የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የክርንዎን ብርታትና የፔርሙዝዎን ሙቀት በየዕለቱ ከሱቋ በር ላይ ሆና የምትከታተል አክባሪዎ፣

ኢማን ሀምዱ
የሀያ እናት፣ የአራተኛው ፍራሽ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በሩ ላይ ከመለጠፌ በፊት ለእናትዎ ለወይዘሮ ሂንድ አነበብኩላቸው። ጉልበታቸው ካመማቸው ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከግቢ ያልወጡ ናቸውና ትንሽ ይጫወቱ ብዬ ነው። ስለ ክርንዎ ሲሰሙ በጣም ሳቁ። ቀጥለው ግን ነፋሱ ሜዳው ላይ ይደርሳል ወይ አሉኝ፤ ይደርሳል አልኳቸው። «ሁሉም» የተባለው እኔንም ይጨምራል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ለእራት ሲገቡ እርስዎን እንዲጠይቁ ነግሬያቸዋለሁ።