ኳድሮዋ አልቆለፍ ስላላት መኪናዬና ለአቶ መሐሪ ስለተሰጠው ቦታ

ለክቡር አቶ ረታ፣
የግቢያችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ሲኤምሲ

ክቡር ሆይ፤

ይህች ደብዳቤ በምትደርስዎ ሰዓት እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ማኅተምዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ያለኝ ተስፋ ጽኑ ነው፤ ማኅተሙ ለሌሎች ነዋሪዎች ሲያርፍ ያየሁት ፍጥነት ስለ ጤንነቱ ብዙ እንድጨነቅ አያደርገኝምና።

እንደሚያስታውሱት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ባቀረብሁት ማመልከቻ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ባለሟሌ የሆነችው መኪናዬ የማስነሻ ቁልፏ ወደ መቆለፊያው አልመለስ ብሎ በቁልፍ መግቢያዋ፣ በኳድሮው ውስጥ እንደቀረ፣ መሪዋም እንደማይቆለፍ፣ ስለዚህም መስታወቷን የሰበረ ሁሉ አስነሥቶ ሊወስዳት እንደሚችል አስረድቼ፣ መለዋወጫው ከዱባይ እስኪመጣ ለሁለት ወር ብቻ በጥበቃ ቤቱ አጠገብ እንድትቆም ለምኜ ነበር። ማኅበሩም ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ ቦታውን ለአቶ መሐሪ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሰጥቷል። ለዚህ ጥልቀት ያለኝ ምስጋና እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. በቃለ ጉባኤው «አመልካቹ አስቀድመው የራሳቸውን ጥረት አላደረጉም» መባሉ ትሕትናን አስተምሮኛል። መሪዋን ግራና ቀኝ እያወዛወዝሁ ቁልፉን አዙሬያለሁ፤ ማርሿን ወደ ማቆሚያው መልሼ መላልሼ አስገብቻለሁ፤ ፍሬን ረግጬ፣ የባትሪዋን ገመድ ፈትቼ፣ የእርሳስ ዱቄት በቀዳዳው ነፍቼ ሞክሬያለሁ። በመጨረሻ መካኒኩ ላጲሶ ከቁልፉ የተንጠለጠለውን ቀለበት በመዳፉ መዝኖ «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? የከተማውን በር ሁሉ የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የእድራችን ንብረት ጠባቂ ሆኜ ሳገለግል፣ የድንኳኑ፣ የድስቱና የወንበሩ መጋዘን ቁልፎች፣ አሥራ አራቱም፣ ከመኪናዬ ቁልፍ ጋር ሲወዛወዙ ኖረው ኳድሮዋን በልተው ጨርሰውታል። ልቅሶ በተነገረ ጊዜ ሰው ቁልፍ ፍለጋ እንዳይጉላላ ብዬ የፈጸምሁት ስሕተት ነው፤ አልክድም። አቶ መሐሪ ከዚህ ዓይነቱ ስሕተት ንጹሕ ናቸው፤ በቁልፍ ፋንታ የሚይዙት አንዲት ካርድ ብቻ ናት።

፪ኛ. ውሳኔው በተሰጠበት ቅዳሜ «አመልካቹ አልቀረቡም» ተብሎ መመዝገቡ ፍጹም እውነት ነው፤ በዚያ ሰዓት በእርስዎ ብሎክ ለነበረው ልቅሶ ድንኳን እየተከልሁ ነበር። ውሳኔውን ያሳለፋችሁበትን ወንበር ግን በማለዳ አውጥቼ የሰጠኋችሁ እኔ በመሆኔ፣ ተመችቷችሁ እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ።

፫ኛ. ስለ አቶ መሐሪ መኪና በቅናት እንደምናገር የሚያስቡ ካሉ ፈጽመው አልተሳሳቱም። ባለቤቷ ሁለት እርምጃ ሲርቁ ራሷን በራሷ ትቆልፋለች፤ የጎን መስታወቶቿንም እንደ ጆሮ አጥፋ ትተኛለች። ማንም ሊሰርቃት የማይችለው እርሷ ስትሆን፣ በዘበኛ የምትጠበቀውም እርሷው ናት። ጥበቃችን ሚስባህ እርሷ ስትገባ ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ ከእኔዋ ላይ ዐይኑን እንዳይነቅል ብለምነው ግን «ጋሼ፣ እሷን ደግሞ ማን ይወስዳታል?» አለኝ። ባለቤቴ ወይዘሮ የሻሽወርቅ እንኳ አቶ መሐሪ አንድ ቀን እስከ ቦሌ ቡልቡላ ቢያደርሷት «ድምፅ እኮ የላትም! ጸጥ!» ስትል ሰነበተች፤ በሃያ ስድስት ዓመት ስለ እኔዋ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

በዚህ ዕድሜዬ ሌላ መኪና እንደማልገዛ፣ እርሷ ከተወሰደች እኔም ከቤት የምወጣበት እግር እንደሌለኝ፣ የእድሩም ድንኳን የሚጓጓዘው በእርሷው ጣሪያ ላይ እንደሆነ ማኅበሩ ያውቃል። ይህን እያወቀ ከአጥሩ ውጭ፣ ከአሸዋው ክምር ጎን ሰፊ ሥፍራ ስለመረጠላት ሳላመሰግን አላልፍም።

ለእርስዎ ክብር ዘወትር ከመቀመጫዬ የምነሣ፣ ትእዛዝዎንም በጨዋ ደንብ የምቀበል፣
ታናሽ ጎረቤትዎ
ሐጎስ ተስፉ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት መኪናዬን ከእርስዎ መኪና ኋላ፣ ልክ መውጫዎ ላይ አቁሜያታለሁ። ቁልፉ ውስጧ ነው፤ በሯንም ክፍት ትቼዋለሁ፤ ስለዚህ ሊያነሷት ቢፈልጉ እኔን ማስጠራት አያስፈልግዎትም። ወደ ወደዱት ይውሰዷት፤ ማኅበሩ ለመኪናዬ ቦታ የፈለገበት የመጀመሪያው ቀን ይሆናል።