ድምፅ አይጠፋም ላለን ባንክ

ይድረስ ለክቡር አቶ ፕሬስተን ዊትኮም፣
በሲልቨር ሉን ባንክ የታማኝ ደንበኞች ጉዳይ ምክትል ፕሬዚዳንት፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? ለወገብዎ፣ ለጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለጉሮሮዎ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ። የጉሮሮዎን ነገር በተለይ አደራ እላለሁ፤ የእርስዎ ባንክ ደንበኛ ለሆነ ሰው ከጉሮሮ የሚበልጥ ንብረት እንደሌለ በዚህ ክረምት በደንብ ተምሬአለሁና።

እኔ ሎርና ሊንድግሬን እባላለሁ። አሜሪካ፣ ዱሉዝ ከተማ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ቨርንም ወደቡ ላይ የብረት ማዕድን መርከብ ላይ ሲጭን ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። ስለ ቨርን አንድ ነገር ቀድመው ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል፤ «ዝም አይነቅዝም» የተባለው ለእሱ ነው። በእኛ ሰፈር ወንድ ልጅ የቀረበለትን ምግብ «መጥፎ አይደለም» ካለ ባለሙያዋን አሞገሰ ይባላል። ቨርን ግን ይህንንም የሚላት በዓመት በዓል ብቻ ነው።

ልጃችን ከርስቲን አግብታ የምትኖረው አውስትራሊያ፣ ሆባርት ነው። ልጇ ሌፍ ሁለት ዓመት ሲሞላው አያቱ አንድም ቀን አቅፎት አያውቅም ነበር፤ የእኛ ጡረታ ሁለት ሰው እዚያ ድረስ አያደርስማ። በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ነው ጎረቤቴ አርዲስ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት የእሑድ ምሳ ዕቃ ስናጥብ፣ የባንክዎን ወንጌል የሰበከችኝ።

«መጀመሪያ ቨርን የባንኩን ክሬዲት ካርድ ያውጣ» አለችኝ። «በካርዱ በከፈለ ቁጥር ነጥብ ይሰጡታል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ቲኬት ይሆናል። ከዚያ አንቺም እንድታወጪ እሱ ይጋብዝሽ። ለጋባዥም የነጥብ ጉርሻ አለ፣ ለተጋባዥም ጉርሻ አለ። ያ ሲያልቅ አንቺ ደግሞ በሌላ ካርድ እሱን ጋብዢው። ባልና ሚስት ሆኖ በገዛ ገንዘቡ አውሮፕላን የሚሳፈር ሞኝ ብቻ ነው።»

እኛም ሞኝ አልሆንም አልን። ክሬዲት ካርዶቹን በቀለም ፕላስተር ለየኋቸው፤ ቀዩ ለአስቤዛ፣ አረንጓዴው ለነዳጅ፣ ቢጫው ለቀረው ሁሉ። ቨርን ነዳጅ ማደያው ላይ ቆሞ «ሎርና! የዛሬዋ የትኛዋ ናት?» ብሎ ሲጮህ ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ራት የሚሆነውን ድንችና ሥጋ በእኔ ካርድ ካልገዛሁ ብዬ ከመጋቢው ጋር ተሟግቻለሁ፤ ነጥቡ ለእኔ፣ በረከቱ ለእነሱ ብዬ። ዕዳችንን በየወሩ ሙልጭ አድርገን እየከፈልን ወለድ የሚባል ነገር አላቀመስንዎትም። ምናልባት ቅሬታዎ ከዚህ ይጀምር ይሆን?

ለማንኛውም እኔ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቁልፉ አመሰግናለሁ። ካርድ የማወጣውም፣ ነጥብ የምከታተለውም፣ ወደ ባንክዎ የምደውለውም እኔ ነበርኩ። የቨርን ድርሻ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብሎ «አዎ፣ እኔ ነኝ፤ የምትላችሁን አድርጉላት» ማለትና ወደ ጋራዡ መመለስ ነበር። ይህ ሲደጋገም ባንክዎ አዘነለትና ድምፁን ቁልፍ እናድርግለት አለን። ቨርንም «ድምፄ መታወቂያዬ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ለማሽንዎ አነበበ፤ በሠርጋችን ቀን ከተናገረው ሁሉ ይረዝማል። እኔ «ቢጠፋስ?» ብዬ ብጠይቅ ሠራተኛዎ ሳቀብኝ። «እማማ፣ የይለፍ ቁጥር ይረሳል፣ ካርድ ይጠፋል። ድምፅ የት ይሄዳል?» አለኝ። እግረ መንገዱንም የእኔን ነጥብ ሁሉ ወደ ቨርን እንዳዛውር መከረኝ፤ አንድ ላይ ሲሆን ቲኬት መቁረጥ ይቀላል ብሎ። እኔም ምክር ሰሚ ነኝና አዛወርኩ።

ድምፅ የት እንደሚሄድ ያወቅነው ቅጠል ሲረግፍ ነው። መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ጎረነነ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ወሰደን። ሐኪሟ ወንበሯን ዘወር አድርጋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና «ቨርን፣ ማንቁርትህ መውጣት አለበት» አለችው። «ትድናለህ። ድምፅህ ግን አብሮ ይሄዳል። ሦስት ሳምንት ልሰጥህ እችላለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አልደፍርም። የምታነጋግረው ሰው ካለ ሂድና አነጋግረው።»

መኪናችንን እስከ ቤታችን ድረስ ራሱ ነዳ። ሞተሩን ካጠፋ በኋላ «ለሌፍ የምነግረው አለኝ» አለኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ለእሱ ነው የምነግረው» አለኝና ወረደ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። በዚያው ዕለት ቲኬታችንን ልቆርጥ የባንክዎ ድረ ገጽ ላይ ስገባ የቨርን ነጥብ ተቆልፎ አገኘሁት። ምክንያቱ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተጋብዘው መገኘታቸው ነው፤ ይህም «ያልተለመደ እንቅስቃሴ» ይባላል። ክቡርነትዎ ፊርማዎን አኑረው የላኩልን፣ «የትዳር ጓደኛዎን ይጋብዙ፣ ደስታ ለሁለት ያምራል» የሚለው ካርድ እስከ ዛሬ ማቀዝቀዣችን ላይ ተለጥፏል። ቨርን ጎረቤት ያለች ሌላ ሴት መጋበዝ እንደነበረበት አልገባንም ነበር፤ ለወደፊቱ እናርማለን።

ሦስተኛ፣ ስለ ማሽንዎ ትሕትና አመሰግናለሁ። ቁልፉን ለማስከፈት ቨርን ደውሎ ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ታዘዘ፤ ተናገረም። ማሽኑ «ይቅርታ፣ ድምፅዎን አላወቅሁትም» አለው።

«እኔም አላወቅሁትም» አለው ቨርን።

በማግስቱም፣ በሳልስቱም እንዲሁ ሆነ። ማር ጠጣ፣ እንፋሎት ታጠነ፣ ሳቅ እያለ ሞከረ፣ ተቆጥቶ ሞከረ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። እኔ «ባለቤቴ ካንሰር ይዞት ነው» ብዬ ስልኩን ስቀማው ማሽኑ «ሌላ ሰው ድምፅ አስገብቷል» ብሎ መስመሩን ዘጋብን። የሐኪሟን ደብዳቤ ስንልክ ደግሞ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚታይ ተነገረን። ካንሰር ቅዳሜና እሑድ እንደማያርፍ ለባንክዎ የነገረ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ገንዘባችሁን አውጥታችሁ አትሄዱም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ያለን ሁሉ ለሆስፒታሉ ተመድቦ ነበር፤ ምእመናኑ ሰብስበው ለሁለት ሰው የሚበቃ ሲሞላ ደግሞ ለመንገዱ የሚበቃ ቀን አልቀረም። በቪዲዮ አይነግረውም ወይም ይሉኝ ይሆናል። ሞከረ፤ ሌፍ ያን ጎርናና ድምፅ ሲሰማ ድመቷን ተከትሎ ሮጠ። ልቅዳህ ብዬ ስልኬን ብደግንበት «እህ፣ አያትህ ነኝ፤ እንግዲህ ይኸው ነው» አለና ወዲያው ቅጂውን አስደመሰሰኝ። «ጉልበቴ ላይ ካልተቀመጠ አይሆንም» አለኝ። ቀኑ ቢያልቅም እስከ መጨረሻው ተስፋ አልቆረጠም፤ እኔም አልቆረጥኩም።

አራተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም፤ ስለዚህ እንዲሁ ልንገርዎት።

ለቀዶ ጥገናው በተቀጠረበት ዋዜማ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደወልን። ዴሊያ የምትባል ሠራተኛዎ አነሳችው። ሰው አነሳው ብዬ ማልቀስ ቃጣኝ። «ንግግራችን ለአገልግሎት ጥራት ይቀዳል፤ አለቃዬን ላናግርልዎት፣ መስመሩን ሳይዘጉ ይጠብቁኝ» አለችን። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ጠበቅን። ሙዚቃ እንኳ አልነበረም፤ ጭጭ። እኔ ሰዓቱን አያለሁ፤ እሷ ብትመለስ፣ ቁልፉ ቢከፈት፣ ከእንግዲህ የት እንሄዳለን? ነገ ጠዋት ሆስፒታል ነው። ያኔ ቨርንም ይህ ነገር የገባው መሰለኝ። መስኮቱን እያየ፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ ጀመረ።

«ሰባት ዓመቴ ነው። ከአባቴ ጋር በቅዝቃዜ የረጋው ሐይቅ ላይ በረዶውን ቀድደን ዓሣ እናጠምዳለን። አባቴን አስነጠሰው። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ወልቆ በቀዳዳው ጥልቅ! ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን፤ የለም። ከዚያ አንድ ትልቅ ዓሣ ወጣልን። አባቴ ሆዱን ቀድዶ ፈለገ፤ እዚያም የለም። ሌላ ጥርስ መግዣ አልነበረውም። ያን ክረምት ሲናገር ፉ፣ ፉ ብቻ ነው። እናቴም፣ እኔም፣ እህቶቼም የሚለውን ለመስማት ወንበር እየሳብን አጠገቡ መቀመጥ ጀመርን። ከዚያ በፊት አጠገቡ ተቀምጠን አናውቅም። በረዶው ሲቀልጥ ጥርስ ገዛ። እኛ ግን ወንበራችንን አልመለስንም።»

ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞረና «ለሌፍ ይህንን ነበር የምነግረው» አለኝ። «የአያትህ ድምፅ አልሰማህ ካለ ወንበርህን ሳብ አድርግ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

አርባ ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ስኖር ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እጁን ያዝኩት። ያኔ ከጠረጴዛው ላይ የሰው ትንፋሽ ተሰማን። ዴሊያ ነበረች። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች፤ «ተመልሼ ነበር፤ ላቋርጣችሁ አልቻልኩም። ሁሉንም ሰምቼአለሁ። አባባ፣ እኔ አውቄዎታለሁ። ሲስተሙ ግን እምቢ አለኝ።»

በማግስቱ የቨርን ማንቁርት ወጣ። ዛሬ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ የሚናገረው በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ነው። ሕይወቱ ተርፏልና ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ሆስፒታል ሳለን ደግሞ የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰን። ጉዳያችን ተመርምሮ ንጹሕ ሆነን መገኘታችንን፣ ነጥባችን መከፈቱን፣ ለትዕግሥታችንም ተጨማሪ ጉርሻ መታከሉን በደስታ ይገልጻል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ደብዳቤውን ቨርን አልጋ አጠገብ ሆኜ ሳነብ በጣም ተናደድኩ፤ ከመናደዴ የተነሣ ነርሷ የእኔን የደም ግፊት ለካች።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌፍ አያቱን የሚሰማበት ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ ያለው በእርስዎ እጅ ነው። እኛ ቤት ያሉት ቪዲዮዎች ላይ የሚናገረው ሰው እኔ ነኝ፤ ቨርን ካሜራ ያዥ ነበር። ታሪኩን እኔ ለልጁ ልነግረው እችላለሁ፤ ያንን ፉ ፉ ግን እንደ ቨርን አልለውም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የቨርን ግን ከአፍ ወጥቶ የገባው እናንተ መዝገብ ቤት ነው። ያን የቀዳችሁትን ስጡን። ዋጋ ካለው ነጥቡን በሙሉ፣ ከነጉርሻው ውሰዱት፤ ሆባርት የምንደርስበትን እኛ እናውቃለን። ባዶ እጃችንን ግን አንሄድም።

ሃሳብዎ እንዲሠምር፣ ድምፅዎም እስከ ዕለተ ሞትዎ ድረስ ከማሽንዎ ጋር እንዲተዋወቅ እየተመኘሁ፣ ለከበረው ጊዜዎ በጉልበቴ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የታመነች ደንበኛዎ፣ የታመነ ደንበኛዎ ሚስት፣ በራስዎ ግብዣ ተጋባዥ፣

ሎርና ሊንድግሬን
ዱሉዝ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ልኬ፣ ግልባጩን ለከተማችን ጋዜጣ ልልክ ስል የጽሕፈት ቤትዎ መልስ ደረሰኝ። በጣም ትሑት መልስ ነው። የተቀዳ ንግግር የሚሰጠው ለባለ ሒሳቡ ብቻ መሆኑን፣ ባለ ሒሳቡም ጥያቄውን በስልክ፣ በራሱ ድምፅ ማቅረብ እንዳለበት ይገልጻል። ቨርን ሁለት ጊዜ አነበበውና ሰሌዳው ላይ «ደውዪ» ብሎ ጻፈ። ደወልኩ። አሁን ይህን ስጽፍ ወንበሩን ወደ ስልኩ ሳብ አድርጎ ተቀምጧል። ማሽንዎ «አልሰማሁም፣ እባክዎ ጮክ ብለው ይድገሙት» ይለዋል፤ ቨርን በአንገቱ ይተነፍስለታል፤ ማሽኑም እንደገና ይጠይቀዋል። መስመሩን አልዘጋንም። ይህም ጥሪ ለአገልግሎት ጥራት እየተቀዳ መሆኑ ተነግሮናል።