መኪናውን አንተ ምረጥ

ነሐሴ 8

ዛሬም ቀይ አቧራ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገልባጩ ላይ... ከጉድጓዱ ወደ መፍጫው፣ ከመፍጫው ወደ ጉድጓዱ። እራት የበግ ጥብስ ነበር። ብቻዬን በላሁ። አዳራሹ ውስጥ መቶ ሰው አለ፣ መቶውም ስልኩን እያየ ይበላል።

ሚስቴ ጃኒን ደወለች። የኒውዚላንዱ ጉዞ ቁርጥ ሆኗል። ደቡቡ ደሴት፣ አሥር ቀን፣ አራታችንም። ቲኬት ገዝታለች፣ ማረፊያ ይዛለች፣ የልጆቹን ፓስፖርት አሳድሳለች።

"እኔስ ምን ላድርግ?" አልኳት።

 ከኋላዋ ሳህን ሲታጠብ ይሰማል።

"መኪናውን አንተ ምረጥ።"

ደስ አለኝ። መኪና ተከራይ ስለተባለ ብቻ ሰው እንዲህ ደስ ይለዋል?

ነሐሴ 9

ለምን ደስ እንዳለኝማ አውቃለሁ። ባለፈው ቤት በነበርኩበት ሳምንት ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ብሬት፣ አንተ እዚህ ቤት እንግዳ ነህ። እኔ ደግሞ እንግዳ ማስተናገድ ደክሞኛል" አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። "ይህን ጉዞ እንሂድ። ከዚያ ስንመለስ እንነጋገራለን።"

ስለ ምን እንደምንነጋገር አልጠየቅኩም። ስድስት ዓመት ሆነኝ... ሁለት ሳምንት እዚህ ማዕድን ማውጫ፣ አንድ ሳምንት ፐርዝ ቤቴ። ማክሰኞ በአውሮፕላን መምጣት፣ ማክሰኞ በአውሮፕላን መሄድ። ሚስት የምታጣው እንዲህ ቀስ ብለህ ነው፣ ማንም ሳይጣላ።

ስለዚህ መኪናው ላይ መሳሳት የለብኝም። የተሰጠኝ እሱ ብቻ ነው።

ነሐሴ 11

አርባ ሦስት መኪና አየሁ። አንዱን ወደድኩት። ነጭ፣ ፎር ዊል፣ ስምንት ሰው የሚይዝ፣ ጎማው ደረቴ ድረስ የሚመጣ የሚመስል።

ለዊሬሙ አሳየሁት። ዊሬሙ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ገልባጭ ነው የሚነዳው፤ የዚያው የኒውዚላንድ ልጅ ነው፣ ከደቡቡ ጫፍ። ስልኬን ተቀብሎ አየና መለሰልኝ።

"ምነው? አገሬን ልትወር ነው?"

"ተራራ አለ አልክ እኮ።"

"ተራራው አስፋልት አለው፣ ወንድሜ። አያቴ በሰማንያ ዓመቷ ጣሳ በምታክል መኪና ነበር የምትወጣው፣ ያውም መንገደኛውን ሁሉ እየተሳደበች።" እንጀራ አባቱም ሳይቀር የሚፈራት ሴት ነበረች ይላል። "ለመሆኑ ስንት ናችሁ?"

"አራት።"

"አራት ለሆነ ሰው ስምንት ወንበር። የተረፈው ለማን ነው?"

ስቄ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። እውነቱን ልጻፈው፣ የሚያየው የለም። መኪናው ሰፊ ከሆነ ማንም ከማንም ጋር አይጋፋም። ካልተጋፋን ደግሞ እኔ የማላውቃቸው መሆኔ አይታወቅም።

ነሐሴ 13

ቅጹን መሙላት ጀመርኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ የመንጃ ፈቃድ ዓይነት... ይሄ በቀላሉ ሄደ። ከዚያ፣ "የልጅ መቀመጫ ያስፈልጋል? የልጁ ክብደትና ቁመት?"

ልጄ ኦወን ሰባት ዓመቱ ነው። እሱን አውቃለሁ። ክብደቱ? ቁመቱስ? ከአልጋው ተነሥቼ በሩ ጋ ቆምኩና እጄን ቀበቶዬ ላይ አደረግኩ። እስከዚህ ነው። ወይስ አምና ነው እስከዚህ የነበረው?

ደውዬ ልጠይቅ አልኩና ተውኩት። "ልጄ ስንት ኪሎ ነው?" ብሎ ሚስቱን የሚጠይቅ አባት... ሃያ ኪሎ ብዬ ሞላሁ።

"ተጨማሪ ሹፌር አለ?" ይላል መጨረሻው። የለም አልኩ። ሁለት መቶ ምናምን ቶን የምነዳ ሰው ነኝ፣ ምን ተጨማሪ ያስፈልገኛል።

ነሐሴ 15

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

ነሐሴ 21

ቤት። ኦወን ደረቴ ጋ ደርሷል። የማድ ቤቱ በር ላይ በእርሳስ ተለክቷል፣ ከነቀኑ። ጽሕፈቱ የእኅቱ የታሊያ ነው። ከቀኖቹ አንዱም እኔ ቤት የነበርኩበት አይደለም።

ጠዋት ጃኒን መኪናዋን ከግቢ አውጣልኝ አለችኝ። ገባሁ። ዞሬ ጎማዎቹን አይቼ፣ መብራቶቹን አይቼ ነው የገባሁት። ከዚያ አንድ ጊዜ ክላክስ... አስነሣሁ። ሦስት ጊዜ ክላክስ... ወደ ኋላ ሄድኩ። ማዕድን ማውጫው ላይ ሕጉ ይኸው ነው፤ ሳያስጠነቅቅ የተንቀሳቀሰ ሰው በዚያው ቀን ይባረራል። እጄ ለምዶታል፣ እኔን አይጠይቀኝም።

ታሊያ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ይዛ ደጅ ቆማ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

"አባ፣ እባክህ ኒውዚላንድ እንዲህ እንዳታደርግ።"

"ለደኅንነት ነው።"

"የማን ደኅንነት? ጎረቤቱ ሁሉ ነቃ እኮ።"

ጎረቤታችን ሚስተር ዳልተን በፒጃማው ወጥቶ ነበር። ሰላም አልኩት። እሱ ሰላም ያለው ጃኒንን ነው።

ማታ የኪራዩን መኪና ኮምፒውተር ላይ ለጃኒን አሳየኋት። ብዙ አየችው። "ትልቅ ነው" አለች። ቀጥላ፣ "ማን ነው የሚነዳው?"

"እኔ ነኛ።"

"እሺ።"

በዚህች "እሺ" ውስጥ ምን እንዳለ እስካሁን እያሰብኩ ነው። ደብዳቤዎችህ መሳቢያ ውስጥ ተጠራቅመዋል፣ እያቸው አለችኝና ተኛች። ነገ አያቸዋለሁ።

ነሐሴ 26

ነገ ወደ ሥራ። ሳምንቱ የት ሄደ? ሁለት ቀን ተኛሁ፣ አንድ ቀን የሣር ማጨጃውን ጠገንኩ። ገበያ ስንሄድ፣ ልጆቹን ስናደርስ የምትነዳው እሷ ናት። "አንተ ደክሞሃል" ትላለች። እውነቷን ነው። ግን ደግሞ መንገዱን ሁሉ ቀይረውታል፣ ኦወን አሁን የት እንደሚዋኝ እንኳ አላውቅም።

ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ኦወን ገባ። ቅር ብሎት ይሆን ብዬ አየሁት። ትራሴን ሊወስድ ነው የመጣው። ምሽግ ይሠራበታል።

መስከረም 4

ዊሬሙ ዕረፍት ወጣ። ምሳ ገልባጩ ውስጥ ብቻዬን። ሬዲዮው ላይ የሚመጣው ድምፅ፣ "ሠላሳ አራት፣ ግባ" ብቻ ነው። ሠላሳ አራት እኔ ነኝ።

ማታ ማታ የመኪናውን ፎቶ አያለሁ። የዕቃ መጫኛው፣ ወንበሮቹ፣ ስኮርታው የት እንደሚቀመጥ። ከልጆቼ ፎቶ ይልቅ እሱን ብዙ ጊዜ ሳላየው አልቀረሁም። ልጆቼን ሳይ ሆዴ ይባባል፣ መኪናውን ሳይ ግን አንድ ነገር እየሠራሁ ይመስለኛል።

መስከረም 18

ክራይስትቸርች። ዝናብ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳንወጣ ተዋረድኩ።

የኪራዩ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። መንጃ ፈቃዴን አየችው፣ ገለበጠችው፣ እንደገና አየችው።

"ጌታዬ፣ ይሄ ጊዜው አልፏል። አምስት ወር ሆኖታል።"

ሊሆን አይችልም አልኩ። የሥራ ፈቃዴን በየዓመቱ እፈተናለሁ፣ በየጠዋቱ እስትንፋሴን ሳይቀር እለካለሁ። ከኪሴ የማዕድን ማውጫውን ካርድ አወጣሁና ሰጠኋት፣ ሞኝ! ቆብ አድርጌ የተነሣሁትን ፎቶ አየች።

"ይሄ ምንድን ነው የሚያስነዳው?"

"ገልባጭ።"

"ገልባጭ የለንም" አለች። አልሳቀችም። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ግን ሳቀ።

ማሳሰቢያው ሚያዝያ ላይ መጥቶ ይሆናል። መሳቢያው ውስጥ። ካምፕ አውቶቡስ፣ ቤት ጃኒን... እኔ መንገድ ላይ መኪና ከነዳሁ ስንት ጊዜዬ? ጊዜው ማለፉን በምን ልወቅ?

ጃኒን መንጃ ፈቃዷን ከቦርሳዋ አውጥታ አስቀመጠች። ቅጹ ላይ ስሟ ስለሌለ ነጩ መኪና ተሰረዘ፤ እንደ አዲስ ይያዝ ተባለ። የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው፣ የቀሩት ሦስት ናቸው። እሷ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች። ልጄ ከኋላ ስትቀመጥ ያቅለሸልሻታል፣ የፊቱ ወንበር ወደ ኋላ ይለቀቃል? አራት ሻንጣ ይገባል? ትንሿን ሰማያዊ ወሰደች። አራት ደቂቃ አልፈጀባትም። እኔ ከወር በላይ ነው የመረጥኩት፣ ታሊያን የሚያቅለሸልሻት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

የኦወንን መቀመጫ ልከራይ ስል ከሻንጣው ውስጥ አወጣችው። ከቤት ይዛለት መጥታለች። ሃያ ስድስት ኪሎ ነው።

መስከረም 19

ከኋላ፣ ከኦወን ጎን። ጉልበቴ አገጬ ሥር ነው። ጃኒን ትነዳለች፣ ታሊያ ከፊት ካርታ ታነባለች። በጎች፣ በጎች፣ ከዚያ ድንገት ተራራ። ማንም አላናገረኝም፣ ክፋት ግን አልነበረበትም። ሦስቱ የሚያወሩት የራሳቸው ወሬ አላቸው፣ መካከሉ ላይ የገባ ሰው ምን ይላል? ጃኒን አደባባይ ላይ ስትደርስ ለራሷ ቀስ ብላ እንደምታወራ ዛሬ ሰማሁ። አሥራ አምስት ዓመት ተጋብተናል።

መስከረም 20

እዚህ አገር ድልድዩ ሁሉ አንድ መኪና ነው የሚያሳልፈው። አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ያልፋል፣ ያለፈው እጁን ያነሣል። ሦስቱ ጨዋታ አላቸው፤ እጁን ያነሣው ሹፌር ሙሉ መዳፉን ከሆነ ያነሣው ሁለት ነጥብ፣ ጣት ብቻ ከሆነ አንድ። ሕጉን ኦወን ነው ያስረዳኝ፣ በትዕግሥት፣ ለውጭ አገር ሰው እንደሚያስረዱት።

ከሰባተኛው ድልድይ በኋላ መስኮቱን እያየ፣ "አባዬ፣ ከዚህ ስንመለስ ወዲያው ነው ወደ ቤትህ የምትሄደው?" አለኝ።

"ወደ የትኛው ቤቴ?"

"ወደዚያ፣ ገልባጩ ያለበት።"

 ታሊያ ካርታውን አጠፈችው። ጃኒን በመስተዋቱ አየችኝ፣ አጥብቃ። ልጄ ሊጎዳኝ ብሎ አይደለም። የሚያውቀውን ነው የጠየቀኝ።  አለቀስኩ መሰለኝ። በዚያች ጠባብ መኪና መደበቂያ የለም።

ኦወን ትንሽ አየኝና እጄን ያዘ። "ቀጣዩን ድልድይ አንተ ቁጠር" አለኝ።

መስከረም 24

ዋናካ። ልጆቹ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ይወረውራሉ። ለጃኒን ነገርኳት። ሥራውን እለቃለሁ፣ ፐርዝ ውስጥ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፣ ደመወዙ ቢያንስም ይነስ አልኳት።

ውኃውን ነው የምታየው። "አሁን አትንገረኝ" አለች። "እዚህ ተቀምጦ ማንም ደግ ይሆናል። ቤት ስንገባ፣ በማክሰኞ፣ ቆሻሻው በሚወጣበት ቀን ንገረኝ።"

አልተቆጣችም። አልሳቀችምም። ግን መኪናው ጋ ስንመለስ በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ።

ጥቅምት 4

ማክሰኞ። ወደ ሰሜን የሚሄደው አውሮፕላን ንጋት ላይ ሄደ። ድምፁን የሰማሁ መሰለኝ። በእርግጥ እሱ መሆኑን ግን አየር መንገዱ ብቻ ያውቃል።

አለቃዬን የነገርኩት ሐሙስ ነው። "ትመለሳለህ" አለኝ፣ "ሁሉም ይመለሳል።" ዊሬሙ አጭር መልእክት ላከ፦ "እንግዲህ ማንን ልሰድብ ነው?" ከካምፑ የሚናፍቀኝ እሱ ብቻ ነው።

የቆሻሻውን ገንዳ እየገፋሁ ሳወጣ ጃኒን የሥራ ልብሷን ለብሳ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ነገርኳት። እዚያው፣ ገንዳውን እንደያዝኩ፣ ሥራውን ለቅቄያለሁ አልኳት። 

"ኦወን ዘጠኝ ተኩል ላይ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለው" አለች። "አንተ ውሰደው።"

መንጃ ፈቃዱ ገና አልታደሰም፣ በአውቶቡስ ሄድን። ኦወን አልፎ አልፎ ያየኛል። አንድ ነገር ከንክኖታል።

"ዛሬ ማክሰኞ ነው" አለ።

"አዎ።"

"ከተመለስን ሰባት ቀን ሞላ። ሻንጣህ የታለ?"

"አላዘጋጀሁም። አልሄድም።"

"ነገስ?"

"ነገም አልሄድም።"

አሰበ። በጣቱ ቆጠረ፣ ሰባት ላይ ቆመ፣ ስምንተኛዋን ጣት አነሣና አያት።

"ስምንተኛው ቀን ላይ ምን ታደርጋለህ?"

"አላውቅም። ኖሬው አላውቅም።"

ይህ መልስ የተሻለ መሰለው። ሁለት ፌርማታ እግሩን አወዛወዘ። ከዚያ፣ "ረቡዕ ዋና አለኝ" አለ። "ካልሄድክ መምጣት ትችላለህ።"

ካልሄድክ ነው ያለው።