የአባባ ጠማማ አጥር

የካቲት 3 ቀን 1999 ዓ.ም.
ዳሞት ጋሌ፣ ቦዲቲ

ለምወድህ ለይስሐቅ
መተሐራ

ሰላምታዬ በዚያ በሸንኮራው ሙቀት ውስጥ ደህና ሆነህ ይድረስህ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ጤነኛ ነው። ባለቤቴ አሳየሽም ሰላም ብላሃለች። ደብዳቤውን ሳታነብ እንዳትቀደው። አራት ዓመት ዝም ያልኩህ በጥፋቴ ነው፤ ዛሬ እሱን ልነግርህ ተቀምጫለሁ።

አጥሩ ወደቀ። ያ የተጣላንበት፣ ባንተና በኔ ማሳ መካከል ያቆምኩት አጥር ባለፈው ክረምት ቋሚው አንድ በአንድ ተጋደመ። ለነገሩ ያኔ ጉድጓዱን ክንድ እንኳ ሳላደርስ ቆፍሬ፣ አፈሩን መልሼ፣ በእግሬ ረገጥ ረገጥ አድርጌው ነው የሄድኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አሳየሽማ "በሬው ሳይነካው፣ ገና ሲያየው ወደቀ" እያለች ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀችብኝ።

ዘንድሮ በሲሚንቶ ላቆመው አስቤ ከአባባ ጋር አጥር ሲያጥሩ የኖሩትን ጋሽ ቦልቴን ላማክር ሄድኩ። "ሲሚንቶ ምን ያደርጋል? እንጨቱ ሥር ውሃ ይዞ ያበሰብሳል። አባትህ በድንጋይና በአፈር ነው ያቆመው" አሉኝና ዶማቸውን ይዘው መጡ። እሳቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያዙ እኔ ላቤ ጠብ እስኪል ቆፈርኩ። ጉድጓዱ ጠባብና ጥልቅ ይሁን፤ የእንጨቱ ጫፍ በእሳት ይለብለብ፤ ውሃው እንዲሰርግ ከሥር ጠጠር ይግባ። ከዚያ አንድ ስንዝር አፈር፣ በዱላ መጠቅጠቅ፣ ዙሪያውን ድንጋይ መሸጎጥ፣ ደግሞ አፈር፣ ደግሞ መጠቅጠቅ። ስቸኩል "ድምፁ ገና ልፍስፍስ ነው፣ ድገም!" ይሉኛል። የመጀመሪያውን ቋሚ ጨርሼ በትከሻዬ ብገፋው ትከሻዬን አመመኝ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም።

ሦስት እንዳቆምን ድንጋይ አለቀብን። በኛ ቀይ አፈር ድንጋይ እንደ ልብ የት ይገኛል? ጋሽ ቦልቴ "የአባትህ ድንጋይ መሬት ውስጥ ተቀምጦልህ የለ? እሱን አውጣ" አሉኝ። ከኔ አጥር ስምንት እርምጃ ያህል ወደ ማሳዬ ገቡና "እዚህ" ብለው ቆሙ። ቆፈርኩ። በክብ የተደረደረ ድንጋይ፣ መሀሉ ላይ የከሰለ ጉቶ አገኘሁ። ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ መስመሩ እንሰቱን ዞሮ ጠምዘዝ እያለ ይሄዳል።

ይስሐቅ፣ የአባባ አጥር ጠማማ ነበር። አሮጌው በስብሶ ሲወድቅ ገመድ ወጥሬ "አጥር ቀጥ ማለት አለበት" ብዬ ያቀናሁት እኔ ነኝ። ሳቀናው አሥራ አንድ እንሰትህ ወደኔ ገባ። አንተ ይህንኑ ስትናገር በሽማግሌ ፊት ውሸታም አልኩህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔም ልቤ ጠርጥሮ ነበር። ግን ቀጥ ያለ አጥር ለዓይን ደስ ይላል፤ እንሰትም ይጣፍጣል።

ድንጋዩን አልወሰድኩትም። ቋሚዎቹን ነቅዬ በአባባ ጉድጓዶች ውስጥ አቆምኳቸው፤ ድንጋዩንም እዚያው መልሼ ሸጎጥኩት። እሑድ ከጸሎት በኋላ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ሰብስቤ "እውነቱ የይስሐቅ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው። እማማ "ድንጋዩ የት እንዳለ እኔም አውቅ ነበር። ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ፣ ምን ልበል?" ብላ አለቀሰች። በጣም አፈርኩ።

እንሰቶችህ ደህና ናቸው፤ ሁለቱን በልተናል፣ በምትካቸው ተክያለሁ። እባክህ ለፋሲካ ና።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ የመሬት ደብተር የሚመዘግቡት መጡ። በጠማማው አጥር እየዞሩ ለኩ፤ ድርሻህም በስምህ ተጻፈ። የኔ ተራ ሲደርስ መዝጋቢው አንገቱን ሳያቀና "በዚህ በኩል አዋሳኝህ ማነው?" አለኝ። "ወንድሜ ነው" አልኩት። ከተጣላን ወዲህ ይህ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ዝቅ አድርጌ ስለተናገርኩት ሰውየው አልሰማኝም። "ማን አልከኝ?" አለ። በቦታው የነበረው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብዬ ነገርኩት።

ጌታ መውጣት መግባትህን ይጠብቅ፤ በሰላም ያገናኘን።

ታላቅህ
ኤርካሎ