ቢጫው ቁምሳጥን

ወላይታ ሶዶ
ኀሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህና ለተቀየምኩህ ወንድሜ ጩማ፣

ጆሀንስበርግ እንዴት ነው? ሱቁ ሰላም ነው? ስትዘጋ ብቻህን አትዝጋ፤ እማዬ በየቀኑ የምታነሣው ይህንኑ ነው። እኛ ደህና ነን። "እኛ" ያልኩህ እማዬ ከአገር ቤት፣ ከተበላ ከተማ፣ መጥታ እኔ ጋ ስላለች ነው። በስልክ ያልነገርኩህ ደግሞ ስልክ ላይ ስለምታቋርጠኝ ነው። ወረቀት አይቋረጥም። ገጾቹን ፎቶ አንሥቼ እልክልሃለሁ፤ እስከ መጨረሻው አንብባቸው።

ለሰርጌ ብለህ የገዛህልኝ ቁምሳጥን ተመልሶ መጥቷል። ይስሐቅ በተከራየው ቤት፣ ጥር ላይ ተጋብተን ልንገባበት በነበረው፣ ተገጣጥሞ ቆሞ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት የይስሐቅ አጎት አቶ ለገሰ ተበላ ገበያ ወርደው እማዬን ከምትሸጣቸው የሸክላ ድስቶቿ ኋላ ተቀምጣ አዩዋት። የማን እናት እንደሆነች ጠየቁ፤ የሚነግራቸው አልጠፋም። በማግስቱ ቁምሳጥኑ ተፈታቶ በጋሪ ደጃፌ ደረሰ።

"ብሎኖቹስ?" አልኩት ባለጋሪውን።

"እኔ የተጫነልኝን ነው ያመጣሁት፣ እህቴ። ብሎን አልሰጡኝም።"

አስበው እስቲ። ሳንቃው ሁሉ አለ፣ በሮቹ አሉ፣ አንድ ብሎን የለም። ይህን ያደረገ ሰው ተቆጥቶ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ፣ አስቦበት ነው።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ። ላንተ ደውለው ምን እንዳሉህ አላውቅም፤ እኔን ያሉኝን ግን ከእኔ ስማ።

"ልጄ፣ አንቺን ማን ጠላሽ?" አሉ አቶ ለገሰ። "የተማርሽ ነሽ። አባትሽም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሌላ አገር የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ በእሳቸው በኩል ነገር የለብንም። ያቺን ሴትዮ አሳዳጊዬ ናት በይ። ወላጅ እናቴ በልጅነቴ ሞታለች በይ። በሰርጉ ዕለት ቤቷ ትቆይ፤ ከድግሱ ድርሻዋን እንልክላታለን።"

"እናቴን በቁሟ ልቅበርላችሁ?"

"ኧረ ተይ፣ ቃል አታክብጂ። ወንድምሽ እኮ ተስማምቷል።"

ተስማምቷል። ከእሳቸው አፍ ሰማሁት። ደውዬ ስጠይቅህ "ለአንድ ቀን እኮ ነው፣ ህብረት" አልከኝ።

ጩማ፣ እነዚህ ሰዎች በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረውን ይዘምራሉ። ወጣቸው የሚበስለው እማዬን በመሰሉ ሴቶች ድስት ነው። ድስቷ እስከ ጓዳቸው ይገባል፤ እሷ ግን ከደጃፋቸው አታልፍም። ይህንን ከየትኛው ምዕራፍ እንዳነበቡት ጠይቄያቸው ነበር። አንዱ አሳለ፤ ሌላው ሰዓቱን አየ። ለመጨረሻ መልስ ቀን ሰጥተውኝ ሄዱ።

ቁምሳጥኑን ልቀባው የተነሣሁት በንዴት ነው። ያ እንጨት መሳይ ቡኒ ከይስሐቅ ጋር የመረጥነው ነበርና ዓይኔን ይወጋኝ ጀመር። ቀለም ሻጩ በድሩ ሱቅ ሄጄ ቀለም ስጠይቅ ምን ልቀባ እንደሆነ ጠየቀኝ።

"ፎርማይካ? እህቴ፣ ፎርማይካ ቀለም አይወድም። ድካምሽን ነው።"

አልሰማሁትም። የግድግዳ ቀለም ገዝቼ ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። በማግስቱ በጥፍሬ ነካ ባደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፍፎ መጣ። የኬሚስትሪ አስተማሪዋ እህትህ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለቀለሙ ያለቀስኩ እንዳይመስልህ።

እማዬ የመጣችው የዚያን ዕለት ነው። ወሬው ገበያ ላይ ደርሷት፣ የተቀቀለ ቦይናና ማባያ ዳጣ ቋጥራ መጣች። ምንም ሳትጠይቀኝ ሳንቃውን በመዳፏ ዳበሰችው።

"ይሄ እኮ ለስልሷል። ለስላሳ ላይ ምን ይያዛል?"

"ታዲያ ምን ላድርገው?"

"የድስት ጆሮ ስለጥፍ አይተሽ አታውቂም? መጀመሪያ ገላውን እጭረዋለሁ። ካልተጫረ እሳት ሲያገኘው ጆሮው ይወድቃል። ዩኒቨርሲቲ ይህንን አላስተማሩሽም?"

"አላስተማሩኝም።"

"አራት ዓመት ሙሉ!" ብላ ሳቀች።

የቀረውን ቀለም ልጠን በሳሙና አጠብነው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው፤ ወዙ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ፣ ከዚያ በላይ ከተፋቀ ውስጡ ያለው የእንጨት ብናኝ ይወጣል። በድሩም ጽናታችንን ሲያይ ከዘይት ቀለሙ በፊት የሚቀባ ማስያዣ ሰጠን። የቀለሙን ዓይነት እማዬ መረጠች።

"ቢጫ።"

"እማዬ፣ ቁምሳጥን እኮ ነው።"

"ይሁን። ከሩቅ ይታያል።"

ከተማ ስትመጣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ እንደምትደብቅ ታውቃለህ። እዚህ ግቢ መሃል እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ክንዷ ቢጫ ሆነች። ነርሷ አከራዬ ወይዘሮ ትርሐስ በመስኮት አይተው "እናትሽ ናቸው?" አሉኝ። "እናቴ ናት፤ ሸክላ ሠሪ ናት" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። "ጎሽ! የእኔ ድስት ተሰንጥቋል፤ አንድ ይሥሩልኛ" አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰማይ አልወደቀም።

ማክሰኞ ይስሐቅ መጣ። ብሎኖቹን በፌስታል ይዟል።

"ቤተሰብ ነው፣ ህብረት። ምን ላድርግ?"

ፌስታሉን ተቀበልኩት፤ እሱን ግን አላስገባሁትም። በሩን ዘግቼ ኮቴው እስኪርቅ ቆሜ አዳመጥኩ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ስላንተ ሰርግ ግን እጽፋለሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት ለእንግዶችህ "እናቴ ታማለች" አልክ። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ላስታምማት ተብዬ ቤት ቀረሁ። አልታመመችም፣ ጩማ። የገዛህላትን ቀሚስ ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ከማለዳ ጀምሮ ደጃፍ ተቀመጠች። "መኪና ይልክልን ይሆናል" አለች። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ትነሣ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀሚሱን አውልቃ አጣጠፈችና "ሰው በዝቶበት ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ ያንን ቀን አንሥታው አታውቅም። እኔም አላነሣሁባትም፤ ባንተም ላይ እስከ ዛሬ አላነሣሁም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርህ። አንደኛውን በር እየቀባን ሳለን "ጩማስ ምን አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ቀና ብላ እየጠበቀችኝ ነበር። አልቻልኩም።

"'እናቴ ናት፤ እሷ የማትቀመጥበት ሰርግ አይኖርም' አላቸው" አልኳት።

ብሩሹን አስቀመጠች። "በራሱ አፍ?"

"በራሱ አፍ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ስንይዝ "እስቲ ድገሚልኝ" ትለኛለች። እደግምላታለሁ፤ በየቀኑም አንድ ቃል እጨምርበታለሁ። ትናንት ግን ልጀምር ስል "ከደከመሽ ይቅር" አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። የእኔን መልስ ታውቀዋለህ፤ ሰርጉ ቀርቷል። በእኔ በኩል ነገሩ አልቋል። የቀረው ያንተ ነው። ስልኬን ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አኖረዋለሁ፤ እማዬ አጠገቤ ትቀመጣለች። ደውል። ሽማግሌዎቹ ቢሰሙ ባይሰሙ ግድ የለኝም፤ እሷ ትስማው። ረጅም ንግግር አልጠይቅህም፤ "እናቴ ናት" ካልክ ይበቃል። የዋሸሁትን እውነት አድርግልኝ።

ካልደወልክ "ኔትወርክ ጠፍቶ ነው" እላታለሁ። እሷም እሺ ትለኛለች።

ላንተ እየጻፍኩ መሆኑን ስነግራት ምርቃቷን እንዳልረሳ አስጠንቅቃኛለች። ቃሏን እንዳለ ይኸው፦ "የሄድክበት ይቅናህ። የሰው አገር እንጀራ አይጎርብጥህ። የወለድካቸው ያክብሩህ፤ ስታረጅም ከአጠገባቸው አያርቁህ።"

አሜን በል።

እህትህ
ህብረት